45 ቀን ፍሪዘር ውስጥ የከረመው የድብ ሥጋ

በጁላይ 2022 የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ክፍለ ግዛት ጤና መሥሪያ ቤት የአንድ በሽተኛ ጉዳይ ደረሰው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በሽተኛው ገና 30 ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። በ17 ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኝቷል። ትኩሳት አለው፣ ጡንቻውን ክፉኛ ያመዋል፣ የዓይኑ ዙሪያ አብጧል። ደሙ ሲመረመር ደግሞ ኢኦሲኖፊል የሚባለው የነጭ ደም ሕዋስ ከልኩ በላይ ሆኖ ተገኘ።

ምልክቶቹን ለየብቻ ካየናቸው ብዙም አያስደነግጡም። ትኩሳትና ቁርጥማት ሲመጣ ሁላችንም ጉንፋን ነው እንላለን። ዓይኑ አብጦ የሚመጣ ሰው አለርጂ ይባላል፣ አለዚያም ኩላሊቱ ይመረመራል። አራቱም በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ግን ልምድ ያለው ሐኪም መጠየቅ የሚጀምረው ስለ ምግብ ነው። ኢኦሲኖፊል ሰውነት ከአለርጂ ጋር ሲታገል ይበዛል፤ ትል ሥጋችን ውስጥ ሲገባም እንዲሁ። ሰውየው የድብ ሥጋ መብላቱ ሲታወቅ የተበታተነው ሁሉ አንድ ላይ ገጠመ።

ነገሩ የተጀመረው በሳውዝ ዳኮታ በተደረገ የቤተ ዘመድ ስብሰባ ላይ ነው። ከአሪዞና፣ ከሚኒሶታና ከሳውዝ ዳኮታ የተሰባሰቡ ዘጠኝ ሰዎች አብረው ማዕድ ቀረቡ። ከቀረበው ምግብ አንዱ ከጥቁር ድብ ሥጋ የተሠራ ከባብ ነበር። ድቡን ከዘመዶቹ አንዱ በዚያው ዓመት ሜይ ወር ላይ በካናዳ፣ በሰሜን ሳስካችዋን አድኖ ያመጣው ነው። አደኑን ያዘጋጀለት ድርጅት ጥገኛ ትል ቢኖርበት እንዲሞት ሥጋውን እንዲያቀዘቅዝ መክሮት ስለነበር፣ ሰውየው የተባለውን አደረገ። ሥጋው በቤት ፍሪዘር ውስጥ 45 ቀን ከረመ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የዚህ ጉዳይ ልቡ ያለው እዚህ ነውና። ይህ ቤተሰብ ግድ የለሽ አልነበረም። ጠይቀዋል፣ የተነገራቸውን ሰምተዋል፣ ወር ተኩል ታግሰዋል። ምክሩም ከሜዳ የመጣ አይደለም። የአሳማ ሥጋ በልኩ ተቆርጦ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ 20 ቀን ቢቆይ በአሳማ ላይ የተለመደው የዚህ ትል ዓይነት እንደሚሞት በአሜሪካ የሥጋ ቁጥጥር ደንብ ሳይቀር የተጻፈ ነው። 45 ቀን ከዚያ በእጥፍ ይበልጣል። የተሳሳቱት በቀኑ ቁጥር አይደለም። ድቡ የተሸከመው ትል ሌላ ነበር።

ሥጋው ከፍሪዘር ወጥቶ ከቀለጠ በኋላ ከአትክልት ጋር እየተሰካካ ተጠበሰ። የድብ ሥጋ በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ነው። የበሬ ሥጋ ሲበስል ከቀይ ወደ ቡናማ ሲለወጥ በዓይን ይታያል፤ ጠቆር ያለ ሥጋ ግን በስሏል ወይስ አልበሰለም ለማለት ያስቸግራል። እናም ከባቡ እኛ ለብ ለብ በምንለው ደረጃ ላይ ሳለ ማዕድ ላይ ቀረበ። መብላት ከጀመሩት አንዳንዶቹ መሐሉ ጥሬ መሆኑን ሲያዩ ሥጋው ወደ እሳቱ ተመልሶ እንደገና በሰለና ቀረበ። ግን የተዋጠው ተውጧል።

ያ የመጀመሪያው ጉርሻ ሆድ ውስጥ የሚሠራውን ልንገራችሁ። ትሉ ትሪኪኔላ ይባላል፣ በሽታው ትሪኪኖሲስ። ወገኑ ከድቡልቡሎቹ ትሎች፣ ማለትም ከወስፋት ወገን ነው። ጥሬ ሥጋ ሲባል እኛ ቶሎ ትዝ የሚለን ኮሶ ነው፤ ኮሶና ትሪኪኔላ ግን ጭራሽ አይመሳሰሉም። ኮሶ ጠፍጣፋ ነው፣ አንጀት ውስጥ ተጣብቆ ሜትሮች እስኪረዝም ያድጋል፣ ቁርጥራጩ ከሰገራ ጋር ሲወጣ ሰው በዓይኑ አይቶ “ኮሶ ታየብኝ” ይላል። ትሪኪኔላ በዓይን አይታይም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሴቷ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፣ ወንዱ የእሷን ግማሽ ያህላል። ሰገራ ቢመረመርም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኝ ነገር የለም።

የትሉ እጭ፣ ማለትም ገና ያላደገው ትል፣ ሥጋው ውስጥ እንደ ክር ተጠቅልሎ ሽፋን ለብሶ ይቀመጣል። የሆድ አሲድ ሥጋውን ሲፈጨው ሽፋኑም ይሟሟል፣ እጩ ይለቀቃል። ወደ ትንሹ አንጀት ወርዶ ግድግዳው ውስጥ ይሰነቀራል፤ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ለአቅመ ተራክቦ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ሊኖር ይችላል፣ ላይኖርም ይችላል። ሳምንት ሳይሞላ ሴቶቹ እጭ መጣል ይጀምራሉ፤ እንቁላል ሳይሆን ሕይወት ያለው እጭ። እነዚያ እጮች አንጀት ውስጥ አይቆዩም። በደምና በሊምፍ ተጉዘው ጡንቻ ይገባሉ፦ የዓይን ጡንቻ፣ የመንጋጋ፣ የምላስ፣ የደረትና ሆድ ድንበር የሆነው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ የክንድ፣ የጭን። የዓይን ዙሪያ የሚያብጠው፣ ሰውነት የሚቆረጣጥመው፣ ትኩሳት የሚነሳው ያኔ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከተበላ ሁለት ሳምንት አካባቢ። እጮቹ በብዛት ከገቡ ልብና አንጎልን ሊጎዱ ይችላሉ፣ የሚሞትም ሰው አለ።

ከሁለት ሳምንት በፊት የበላውን ከዛሬ ሕመሙ ጋር የሚያያይዝ ሰው ስንቱ ነው? የምግብ መመረዝ ስንል በማግሥቱ የሚያስታውክ ነገር ነው የምናስበው። ትሪኪኖሲስ ሐኪሞችን የሚያታልለው በዚህ ነው፤ በሽተኛው ራሱ ስለ ምግቡ አያነሳም፣ ረስቶታል።

የጤና ባለሙያዎቹ የአንዱን በሽተኛ ጉዳይ ይዘው ወደ ቤተሰቡ ዞሩ። ከዘጠኙ ስምንቱን አነጋገሩ። ስድስት ሰው በበሽታው መያዙ ታወቀ፤ ትንሹ የ12፣ ትልቁ የ62 ዓመት ሰው። ሦስቱ ሆስፒታል የሚያስተኛ ሕመም ደርሶባቸዋል። ከስድስቱ ሁለቱ ግን ከሥጋው አልቀመሱም፤ የበሉት አብሮ የተጠበሰውን አትክልት ብቻ ነው።

ይህን ነጥብ መጀመሪያ ባነበብኩበት ጊዜ ያሰብኩት ስለ ጾመኞች ነው። እዚህ በስደት አገር ስንኖር የሥራ ባልደረባ ወይም የልጆቻችን ጓደኛ ቤት ለባርቤኪው እንጠራለን። ዓርብ ይሆናል፣ ወይም ጾም ይሆናል። “አትክልቱን ብቻ እበላለሁ” ብለን ከዚያው ፍም ላይ ቃሪያና ሽንኩርት እናነሳለን። ከጾም አንጻር ያልን እንደሆነ ያው ከሥጋ ጋር የተነካካ ነው፤ ከጤና አንጻርም ያው ነው። ጥሬ ሥጋ ከሽንኩርቱ ጎን ሲሰካ ፈሳሹ ይንጠባጠባል፣ ቅንጣቢው ይጣበቃል። ቃሪያው ለመብላት የሚበቃው ሥጋው ከመብሰሉ በፊት ስለሆነ፣ አትክልቱ በሰለ ተብሎ ሲነሳ የነካው ሥጋ ገና ጥሬ ሊሆን ይችላል። በጥሬ ሥጋ መክተፊያ ላይ ሰላጣ መክተፍም፣ በዚያው ቢላ ቲማቲም መቁረጥም ለሌሎች ጀርሞች የታወቀ መንገድ ነው። ለትሪኪኔላም መንገድ መሆኑን ግን ይህ ጉዳይ በሁለት ሰዎች ላይ አሳየ።

አዳኙ ዘመድ ቤት የተረፈ ሥጋ ፍሪዘር ውስጥ ነበር። ለምርመራ ተላከ።

እንዲህ ያለ ሥጋ ሁለት ዓይነት ምርመራ ይደረግለታል። አንደኛው ቀላል ነው፦ የሩዝ ፍሬ የምታህል የጡንቻ ቁራጭ በሁለት ወፍራም መስታወቶች መካከል እስክትሳሳ ተጨፍልቃ በማይክሮስኮፕ ትታያለች። እጩ ካለ በጡንቻው ክሮች መካከል የሎሚ ቅርጽ ያለው ከረጢት ይታያል፤ ውስጡም ትሉ ተጠቅልሎ። ሁለተኛው የሆድን ሥራ ወደ ላቦራቶሪ ማምጣት ነው። ሥጋው በአሲድና ፔፕሲን በሚባለው የጨጓራ ኢንዛይም እየተማሰለ በሰውነት ሙቀት እንዲሟሟ ይደረጋል፤ ሥጋው ፈሳሽ ሲሆን ከታች የሚቀሩት እጮች ይለቀማሉ። የሞተ እጭ የተዘረጋ ወይም የነጠላ ሰረዝ ቅርጽ የያዘ ሆኖ ዝም ይላል። ሕያው ከሆነ ይተጣጠፋል፣ ይጠቀለላል።

ከዚህ ድብ ሥጋ የወጡት እጮች ይንቀሳቀሱ ነበር። ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ከገባ ከ15 ሳምንት በላይ ሆኖታል። ዓይነቱ ሲለይ ትሪኪኔላ ናቲቫ የሚባለው የሰሜኑ በረዷማ አገር ትል ሆኖ ተገኘ።

ይህ ትል ቅዝቃዜን የሚችለው ያለ ምክንያት አይደለም። ትሪኪኔላ ከእንስሳ ወደ እንስሳ የሚተላለፈው አንዱ የሌላውን ሥጋ ሲበላ ብቻ ነው፤ አፈር ላይ አይፈላም፣ በውኃ አይዛመትም። በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሞተ ቀበሮ ወይም ድብ በረዶ ውስጥ ለወራት ተቀብሮ ይቆይና ሌላ የተራበ አውሬ ያገኘዋል። በረዶው ውስጥ የሞተ እጭ እዚያው ይቀራል፤ የተረፈው ዘሩን ይቀጥላል። በዚህ መንገድ ከትውልድ ወደ ትውልድ በረዶ የሚችለው ብቻ እየተረፈ መጣ፤ በእንዲህ ያሉ አውሬዎች ሥጋ ውስጥ ለዓመታት በረዶ ሆኖ ሲቆይ ሕይወቱ እንደማትጠፋ የታወቀ ነው። ለዚህ ትል የወጥ ቤት ፍሪዘር ከለመደው አገር የተለየ ነገር የለውም። በካናዳና በአላስካ ከሚኖሩ ጥቁርና ቡናማ ድቦች መካከል ትሪኪኔላ ያለባቸው፣ ጥናት እንደተደረገበት ቦታ፣ ከ1 እስከ 24 በመቶ እንደሚደርሱ ይገመታል።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ጉዳዩን በሜይ 2024 ሲያወጣ አብሮ የጠቀሰው አንድ ቁጥር አለ። ከ2016 መጀመሪያ እስከ 2022 መጨረሻ በመላው አሜሪካ የተመዘገቡት የትሪኪኖሲስ ወረርሽኞች ሰባት፣ በሽተኞቹ 35 ናቸው። በአብዛኞቹ የተጠረጠረው ወይም የተረጋገጠው ምንጭ የድብ ሥጋ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ በዚያው አገር በየዓመቱ 400 ያህል ሰው ይያዝ ነበር፣ ያኔ ምንጩ አሳማ ነበር። ለአሳማ ጥሬ የሥጋ ትራፊ ማብላት በሕግ ሲከለከል፣ ቤቶች ፍሪዘር ሲያገኙ፣ ሕዝቡም የአሳማ ሥጋ አብስሎ መብላትን ሲለምድ በሽታው ከከተማ ወጥቶ ከአዳኞች ጋር ቀረ። ፍሪዘር በእርግጥ ያዳነው ሰው አለ ማለት ነው። መልካም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው፣ እምነቱም እስከ ድቡ ድረስ ተከትሎ የሄደው ከዚያ ነው።

ይህ ነገር እኛን ምን አገባን የሚል አንባቢ ይኖራል። ድብ አንበላም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ አይነካም። እውነት ነው፣ ቁርጥ ወይም ክትፎ ስለበላ ትሪኪኖሲስ ይይዘኛል ብሎ የሚፈራ ሰው ካለ በተሳሳተ ቦታ እየፈራ ነው። በሬ ሣር በል ስለሆነ ይህ ትል የሚያገኘው መንገድ የለም ማለት ይቻላል። (ፈረስም ሣር በል ነው፤ ሆኖም በፈረንሳይና በጣሊያን ከ1975 ጀምሮ የፈረስ ሥጋ ጥሬውን የበሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በትሪኪኔላ ተይዘዋል። ፈረሶቹ የሥጋ ትራፊ ከመኖ ጋር ሳይበሉ አልቀሩም።) ከበሬ የሚመጣብን ኮሶ ነው፤ የኮሶ እጭ ደግሞ በቅዝቃዜ ይሞታል። ሥጋው እስከ መሐሉ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሆኖ 10 ቀን ከቆየ ያልቅለታል። ውጭ አገር ስንኖር ሥጋውን ፍሪዘር ውስጥ አክርመን ክትፎ የምናደርግ ብዙዎች ነን፣ ለኮሶ ሲባል የምናደርገው ትክክል ነው። ሳልሞኔላንና ኢ ኮላይን የመሰሉ ባክቴሪያዎች ግን በፍሪዘር አይሞቱም፣ ይተኛሉ እንጂ።

የምፈራው ሌላ ነው። “ፍሪዘር ውስጥ ከርሟል” የሚለው ቃል በቤታችን የማረጋገጫ ማኅተም ሆኗል፤ ለበሬው የሠራው ለሁሉም የሚሠራ መስሎን። በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የሚኖር ወገናችን የሥራ ባልደረባው በአደን ያገኘውን ሥጋ በፌስታል ጠቅልሎ በስጦታ ይሰጠዋል። ቋሊማ ሆኖ ቢመጣ ከምን እንደተሠራ እንኳ አይጠየቅም፤ ድብ ከአሳማ ጋር ተፈጭቶ ሊሆን ይችላል። ቋንጣ ቢሆንስ? የእኛ ሰው ቋንጣን በጥርጣሬ አያይም፤ ነገር ግን በ1995 በአሜሪካዋ አይዳሆ ፑማ ከሚባለው የዱር አውሬ ሥጋ የተሠራ፣ ጨው ውስጥ የተዘፈዘፈና በጭስ የደረቀ ቋንጣ የበሉ ሰዎች በትሪኪኔላ ታመዋል። ጨውም፣ ጭስም፣ መድረቅም፣ ማይክሮዌቭም አስተማማኝ አይደሉም። የሚያስተማምነው እሳት ነው፤ የሥጋው መሐል 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በፋራናይት 165 እስኪደርስ። ይህንንም ዓይን አይለካውም፤ የዚህን ቤተሰብ ከባብ ዓይን ነበር የለካው። መሐሉ ላይ የሚወጋ የሥጋ ቴርሞሜትር በየሱፐርማርኬቱ በጥቂት ዶላር ይሸጣል።

ትሉ በሰው ሥጋ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ1835 ለንደን ውስጥ ነው። ጄምስ ፓጄት የሚባል የ21 ዓመት የሕክምና ተማሪ ሬሳ ላይ ሲማር ጡንቻው ውስጥ ነጫጭ ነጥቦች አይቶ ዝም ብሎ አላለፈም፣ ማይክሮስኮፕ ፈልጎ አያቸው። የሚገድል በሽታ መሆኑ የታወቀው ግን ከ25 ዓመት በኋላ ነው፤ በ1860 ድሬስደን ውስጥ ፍሬድሪክ ሴንከር የሞተች ወጣት ሴት መርምሮ ትሉን በጡንቻዋና በአንጀቷ ውስጥ አገኘው፣ ከበላችው የአሳማ ሥጋ ጋርም አገናኘው።

መድኃኒቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አገር ቤት በየትምህርት ቤቱ ለልጆች የሚታደለው አልቤንዳዞል ነው። እዚያ አንድ ጊዜ ተውጦ ያበቃል። ለትሪኪኖሲስ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ከ8 እስከ 14 ቀን ይወሰዳል፣ ሕመሙ ከጠናም እብጠትና ቁጣ የሚያበርድ ስቴሮይድ ይጨመርበታል። ዋናው ነገር ጊዜው ነው። ትሎቹ ገና አንጀት ውስጥ ሳሉ መድኃኒቱ ይገድላቸዋል፤ ጡንቻ ገብቶ ሽፋን የለበሰውን እጭ ግን እምብዛም አይደርስበትም። እጩ እዚያው ለዓመታት ሊኖር ይችላል፣ ቀስ በቀስም በካልሲየም ተሸፍኖ ይጠነክራል፤ ፓጄት ያያቸው ነጫጭ ነጥቦች እነዚያ ነበሩ። ስለዚህ ያልበሰለ የአውሬ ሥጋ መብላቱን ያወቀ ሰው እስኪያመው መጠበቅ የለበትም። ሐኪም ዘንድ ሲሄድም ምን ሥጋ እንደበላ፣ መቼ እንደበላ፣ ከማን ጋር እንደበላ ሳይጠየቅ ይናገር። ከባድ የጡንቻ ሕመምና የዓይን እብጠት ይዞ የመጣ በሽተኛ የሚያይ ሐኪምም ወይም ነርስ ያለፈውን አንድ ወር ማዕድ ይጠይቅ።

ከሳውዝ ዳኮታው ማዕድ የታመሙት ስድስቱም ድነዋል። ሆስፒታል የተኙት ሦስቱ አልቤንዳዞል ተሰጣቸው፤ የቀሩት ሦስቱ ያለ መድኃኒቱ በዕረፍትና በእንክብካቤ ተሻላቸው።